የሽማግሎች ሕክምና በምን ሚዛን ይመዘናል?

ቡና ከአምራቹ እጅ ወጥቶ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚመዘንና እንደሚመረመር የዚህ ጋዜጣ አንባብያን ጠንቅቀው ያውቁታል። ጥሬው በመልኩና በጉድለቱ ይታያል፤ እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል፤ ከዚያም ተቆልቶና ተፈልቶ በቀማሾች ምላስ ይፈተናል። ከመቶው ነጥብ 40ው ለጥሬው፣ 60ው ለቅምሻው ተሰጥቶ ደረጃው በወረቀት ይሰፍራል። በደረጃው ላይ ክርክር የሚነሣበት ጊዜ ይኖር ይሆናል፤ ደረጃ አያስፈልግም የሚል ነጋዴ ግን የለም። ይኸው ነጋዴ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን አባቱን ሐኪም ቤት አስገብቶ፣ የብዙ ፈረሱላ ቡና ዋጋ ከፍሎ ሲወጣ፣ የገዛው ሕክምና ምን ደረጃ እንደነበረው አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም የሚነግረው አያገኝም። ሕንፃው አዲስ፣ ሐኪሙ ስመ ጥር፣ ዋጋውም ውድ ከሆነ፣ ሕክምናው ጥሩ ነበረ ብሎ ይሄዳል። ጆንያው አዲስ ነው ብሎ ቡናውን ሳያይ የሚገዛ የዋህ ግን በገበያ ውስጥ አይገኝም።

ይህ ነገር በንግድ ጋዜጣ ላይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። ዛሬ በየከተማው ስማቸው የሚጠራውን የንግድ ቤቶች ያቋቋሙት ሰዎች አርጅተዋል። የንግድ ቤት አባት ታሞ ሲተኛ የባንክ ፊርማው፣ የደንበኛው እምነትና የልጆቹ ስምምነት አብረው ይታመማሉ። ከዚህም በላይ፣ ብዙ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸውና ለቤተ ሰቦቻቸው ከሐኪም ቤቶች ጋር የዱቤ ሕክምና ውል ተዋውለው በየወሩ ሂሳብ ይከፍላሉ። መድኃኒቱን፣ ምርኩዙን፣ ተሽከርካሪ ወንበሩን፣ ለተሰበረ አጥንት የሚገባውን ብረት ከውጭ የሚያስመጣውም ነጋዴው ራሱ ነው። ስለዚህ ነጋዴው በዚህ ጉዳይ ገዢም ሻጭም ነው፤ እንዲያውም ዕድሜ ከሰጠው ነገ ሕመምተኛው እርሱ ነው።

ሕክምናን እንደ ሸቀጥ መመዘን ነውር መስሎ የሚታየው ሰው አለ። በውጭ አገርም ነገሩ በቀላሉ አልተጀመረም። ኧርነስት ኮድማን የተባለ የቦስተን ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም፣ ማንኛውም ሐኪም ቤት ያከመውን ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ዳነ ወይስ አልዳነም፣ ካልዳነስ ምክንያቱ ምንድር ነው የሚለውን በካርድ መዝግቦ መያዝ አለበት ብሎ ተነሣ። የሚሰማው ሲያጣ እ.ኤ.አ. በ1911 የራሱን ትንሽ ሐኪም ቤት ከፈተ። እስከ 1916 ድረስ ካከማቸው 337 ሕመምተኞች ላይ 123 ስሕተቶች መሠራታቸውን መዝግቦ አሳትሞ አሰራጨ። ሒሳቡን ከነኪሳራው በአደባባይ የሚያሳይ ነጋዴ በጎረቤቶቹ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ የሚያውቅ ሰው፣ ባልደረቦቹ ኮድማንን እንዴት እንዳዩት ለመገመት አይቸግረውም፤ በ1915 ከያዘው የማኅበር ሊቀ መንበርነት እንዲለቅ ሆነ። ዛሬ ግን ስሙ የሚነሣው በክብር ነው።

ከእርሱ ኀምሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ በቤይሩት ከአርመን ቤተ ሰብ የተወለደው አቬዲስ ዶናቤዲያን የሕክምና ጥራት በሦስት በኩል እንደሚታይ ጻፈ፤ አንደኛው ድርጅቱ፣ ሁለተኛው አሠራሩ፣ ሦስተኛው ውጤቱ ነው። ለቡና ነጋዴ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ድርጅቱ ማለት ማጠቢያው ጣቢያና መጋዘኑ ነው፤ አሠራሩ ቀይ እሸት መለቀሙና በአልጋ ላይ በወግ መድረቁ ነው፤ ውጤቱ ደግሞ ስኒው ላይ ያለው ነው። ጥሩ ማጠቢያ ኖሮት መጥፎ ቡና የሚያወጣ አለ፤ ዝናም ሳይገባው ዘንቦበት ጥሩ ሥራ የሠራም ቡናው የሚበላሽበት አለ። ስለዚህ በአንዱ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። በአገራችን ሐኪም ቤት ሲመዘን እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚቈጠረው የመጀመሪያው ነው፤ ይኸውም አልጋው፣ መሣሪያውና የባለሙያው ቊጥር ነው።

የአረጋውያን ሕክምና ደግሞ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። አንድ ጎልማሳ የሳንባ ምች ቢይዘው ሕመሙ አንድ ነው፤ መዳኑም ይታወቃል። ሰባ አምስት ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ግን የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጉልበት ሕመምና የዐይን ሞራ አንድ ላይ ይዘው ይመጣሉ። ከእነዚህም በላይ፣ የሚቸግራቸው ነገር ብዙ ጊዜ በመዝገብ ስም የሌለው ነው፤ ሲነሡ ማዞር፣ መውደቅ፣ ሽንት አለመቋጠር፣ መርሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት። ቤተ ሰቡም ራሳቸው ሽማግሌውም ይህን «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል፤ የሚያሳዝነው ግን ሐኪሙም እንዲሁ ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ አቅመ ደካማ አረጋውያን ሊያገኙት ከሚገባው እንክብካቤ ውስጥ በእርግጥ ያገኙት ምን ያህል እንደሆነ ከመዝገባቸው ተለቅሞ ነበር። ለተለመዱት ሕመሞች ከመቶ 52 ያህሉ ሲፈጸም፣ የእርጅና ለሆኑት እንደ መውደቅና መርሳት ላሉት ግን ከመቶ 31 ብቻ ተፈጽሞ ተገኘ። በሕይወት መጨረሻ ላይ ለሚደረገው እንክብካቤማ ከመቶ 9 ብቻ ነበር። ይህ የሆነው ሀብት በተትረፈረፈበት አገር ነው። የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን መጠየቅ እንደነበረ ያሳያል።

መመዘን ብቻውን ሕይወት ያድናል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሚሰጠው የእንግሊዝ አገር የዳሌ ስብራት ታሪክ ነው። ነገሩ ጠለቅ ብሎ መታየት የሚገባው ስለሆነ በችኰላ አይታለፍም። አንዲት ባልቴት በግቢዋ ውስጥ አዳልጧት ብትወድቅና ከዳሌዋ አጠገብ የጭኗ አጥንት ቢሰበር፣ በአጥንቱ ምክንያት አትሞትም፤ የሚገድላት መተኛቱ ነው። በጀርባዋ በቆየች ቊጥር የመኝታ ቁስል ይወጣባታል፤ ሳንባዋ ውሃ ይቋጥራል፤ ደሟ በእግሯ ሥር ይረጋል፤ አእምሮዋ ይቃዣል። ስለዚህ ቶሎ ተቀድዳ አጥንቱ ተጠግኖ በማግስቱ ብትቆም የመትረፍ ተስፋዋ ብዙ ነው። በእንግሊዝ ይህን ሐኪሞች ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ይሁን እንጂ አሮጊቶቹ ተራ ሲጠብቁ ይሰነብቱ ነበር፤ ምክንያቱም የቀዶ ጥገናው ክፍል በየጊዜው ለሌላ አስቸኳይ ሕመምተኛ ይሰጥ ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ2007 የአጥንት ሐኪሞች ማኅበርና የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር ተስማምተው አንድ ብሔራዊ መዝገብ አቋቋሙ። የሚመዘገበው ነገር ጥቂትና ግልጽ ነበር፤ ሕመምተኛዋ በስንት ሰዓት ገባች፣ በስንት ሰዓት ተቀደደች፣ የአረጋውያን ሐኪም አያት ወይ፣ የመኝታ ቁስል ወጣባት ወይ፣ ዳግመኛ እንዳትወድቅና አጥንቷ እንዳይሳሳ ምን ተደረገ። እያንዳንዱ ሐኪም ቤት የራሱን ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ ማየት ቻለ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት በዚህ ላይ ገንዘብ ጨመረበት። ሕመምተኛዋ በገባች በ36 ሰዓት ውስጥ ከተቀደደች፣ ቀዶ ጠጋኙና የአረጋውያኑ ሐኪም በአንድነት ከያዟት፣ የተቀሩትም ግዴታዎች ከተሟሉ፣ ሐኪም ቤቱ በአንዲት ሕመምተኛ 445 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፈለው ጀመር፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ይህ ተጨማሪ ወደ 1,335 ፓውንድ ከፍ አለ። ከግዴታዎቹ አንዱ እንኳ ቢጎድል ተጨማሪው የለም። ይህ ነጋዴ የሚያውቀው ሕግ ነው፤ ጥራቱን የጠበቀ ዕቃ በጊዜው ያስረከበ ጭማሪ ያገኛል፤ ያላስረከበ በተራው ዋጋ ይቀራል።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ2007 በገቡበት ዕለት ወይም በማግስቱ ይቀደዱ የነበሩት ከመቶ 54 ያህል ነበሩ፤ በ2011 ከመቶ 71 ደረሱ። በሠላሳ ቀን ውስጥ የሚሞቱት ደግሞ ከመቶ 10.9 ወደ 8.5 ዝቅ አሉ። በአንድ ዓመት ከስድሳ ሺሕ በላይ እንዲህ ያለ ስብራት በሚደርስበት አገር፣ ይህ ከመቶ ሁለት ነጥብ የሚበልጥ ልዩነት በየዓመቱ ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ እናቶችና አባቶች ሕይወት ማለት ነው። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ አዲስ መሣሪያም አልተሠራም። ተጨማሪ ክፍያው ያልነበረባት ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር ተስተያይታ በ2019 በወጣው ጥናት፣ ክፍያው የራሱ ድርሻ እንደነበረው ታይቷል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከመዝገቡ ሦስት ዓመት ዘግይቶ እንደመጣ መታሰብ አለበት። መዝገብ ሳይኖር ጭማሪ ቢከፈል ኖሮ ያለ ሚዛን ዋጋ እንደመጨመር በሆነ ነበር።

የመመዘን ነገር ሁሉ እንዲህ ያማረ ነው ማለት ግን አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ጠንካራ ሕግ አውጥተው፣ ሽማግሎችን በአልጋና በወንበር ላይ ማሰር እንዲቀር፣ የእያንዳንዱ ተጧሪ ሁኔታ በአንድ ዐይነት ቅጽ እንዲመዘገብ አድርገዋል፤ ማሰሩም በእርግጥ ቀንሷል። በ2008 ግን ለእያንዳንዱ ቤት እንደ ሆቴል ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መስጠት ሲጀመር፣ ከኮከቡ መለኪያዎች ከፊሎቹ የተመሠረቱት ቤቶቹ ስለ ራሳቸው በሚጽፉት ወረቀት ላይ ነበር። ሻጩ በገዛ ሚዛኑ መዝኖ በገዛ እጁ ደረሰኝ ሲጽፍ ምን እንደሚሆን ለባለሱቅ ማስረዳት አያስፈልግም። የሠራተኛው ቊጥር ከደመወዝ መዝገብ እንዲወሰድ የተደረገው ከዓመታት በኋላ ነው። የሚያደነዝዝ የአእምሮ መድኃኒት ለስንት ሽማግሎች እንደሚሰጥ ሲቈጠርም፣ ስኪዞፍሬኒያ የተባለ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ከቊጥሩ ውጭ እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር። ከዚህ በኋላ በየመጦሪያው የዚህ ሕመም ስም የሚጻፍላቸው ሽማግሎች ቊጥር ከፍ እያለ ሄደ፤ በ2022 የመንግሥት መርማሪዎች ይህንኑ ገልጸው ጽፈዋል። መድኃኒቱ አልቀነሰም፤ የተለወጠው የሕመሙ ስም ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ሞትን ብቻ የሚቈጥር ሚዛን የባሰበትን ሕመምተኛ የሚቀበለውን ሐኪም ቤት ይቀጣል፤ ቀላል ሕመም መርጦ የሚቀበለውን ይሸልማል። ስለዚህ ውጤት ሲታይ የሕመምተኛው ዕድሜና ሁኔታ አብሮ መታየት ይኖርበታል። ከይርጋ ጨፌ የመጣውን ቡናና ከሌላው አውራጃ የመጣውን በየስሙ እንጂ በአንድ ስም የሚደርቅ ነጋዴ የለም።

አስመጪዎችን በቀጥታ የሚነካው የመድኃኒት ነገር ነው። ማርክ ቢርስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1991 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በመጦሪያ ቤት ላሉ አረጋውያን መሰጠት የማይገባቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር አወጣ፤ ዝርዝሩ እየታደሰ ዛሬም ይሠራበታል። የእንቅልፍ ተብለው የሚሰጡት እንደ ዲያዜፓም ያሉት፣ ሽማግሌውን አንገዳግደው ይጥሉታል። ለረዥም ጊዜ የሚወሰድ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ፣ ጨጓራውን ያደማል፤ ኩላሊቱን ይጎዳል። ለስኳር የሚሰጠው ግሊቤንክላማይድ ደግሞ የአረጋውያንን ስኳር ከሚገባው በታች አውርዶ ራስን እስከማሳት ያደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታውያን መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው እንደማይስማማ ጠቅሶ፣ በምትኩ ግሊክላዛይድን አስገብቷል። ይህን እያወቁ ርካሹን ብቻ በገፍ ማስመጣት በሕግ አያስጠይቅ ይሆናል። ነገር ግን አስመጪው የሚያስመጣው የታዘዘውን ነው፤ የሚታዘዘውም ሐኪሙ የለመደው ነው። ማንም ካልቈጠረው ልማዱ አይለወጥም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ አንድ ሽማግሌ ከሦስት ሐኪም የታዘዘላቸውን ከሦስት መድኃኒት ቤት ገዝተው፣ በአንድ ፌስታል አጣምረው ሲውጡ፣ ፌስታሉን ዘርግፎ የሚያይላቸው አንድ ሰው እንኳ አለመኖሩ ነው።

«ይህ የባለጠጎች አገር ነገር ነው፤ እኛ መጀመሪያ ሐኪም ቤቱ ይኑረን» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ሆኖም ከላይ ከተቈጠሩት ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው የቱ ነው? ሕመምተኛው ከገባበት እስከ ተቀደደበት ያለውን ሰዓት ለመቊጠር የግድግዳ ሰዓትና እርሳስ ይበቃል። የደም ግፊትን ተቀምጠው ከለኩ በኋላ አስነሥቶ ዳግመኛ ለመለካት ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሲቆሙ የላይኛው ቊጥር በ20 ከወረደ፣ ሽማግሌው የሚወድቁበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ችግረኛ ነን ማለት እንዲያውም የምንከፍለው ሁሉ በከንቱ እንዳይፈስ መቊጠርን ይበልጥ የሚያስፈልግ ያደርገዋል። ወደ ባንኮክና ወደ ሕንድ አገር ለሕክምና የሚሄደው የውጭ ምንዛሪ ደግሞ አስመጪው ለዕቃ ሲፈልገው የሚያጣው ያው ምንዛሪ ነው።

እርግጥ የእንግሊዙን ሚዛን እንዳለ ማምጣት አይቻልም። በእኛ አገር የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ ለወለምታና ለውልቃት የተመሰገነ ይሁን እንጂ የዳሌ ስብራትን በማሸት ማዳን አይችልም፤ በዚያ መካከል ቀናት ያልፋሉ። ስለዚህ ሰዓቱ መቈጠር ያለበት ሐኪም ቤት ከደረሱበት ብቻ ሳይሆን ከወደቁበት ጀምሮ ነው። ሐኪም ቤት ከገቡ በኋላም አንዳንድ ጊዜ ብረቱን ቤተ ዘመድ ከውጭ ገዝቶ እንዲያመጣ ይታዘዛል፤ ደምም የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል። የዘገየው ቀን በምን ምክንያት እንደዘገየ ቢጻፍ፣ ስንቱ በቀዶ ጥገና ክፍል እጥረት፣ ስንቱ ደግሞ ብረቱ በአስመጪው መጋዘን ባለመኖሩ እንደሆነ ይታወቃል። ይህን መስማት ለአስመጪው ደስ ላያሰኘው ይችላል፤ ነገር ግን በየትኛው መጠን፣ ምን ያህል ማዘዝ እንዳለበት ከዚህ የተሻለ የሚነግረው የገበያ ጥናት አያገኝም።

በተግባር የንግዱ ኅብረተሰብ ምን ያድርግ? ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም፤ በእጁ የዱቤ ሕክምና ውል አለ። ዛሬ ይህ ውል ሲታደስ የሚነጋገሩበት የዋጋው ዝርዝርና ሒሳቡ የሚከፈልበት ቀን ብቻ ነው። በውሉ ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ሐኪም ቤቱን አይጎዱም። ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ሕመምተኛ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ወረቀት ተጽፈው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተመርምረዋል ወይ? ወድቆ ያውቅ እንደሆነ ተጠይቋል ወይ? ዳሌው የተሰበረ በስንት ሰዓት ተቀደደ? ተኝተው ከታከሙት ውስጥ ስንቱ ላይ የመኝታ ቁስል ወጣ? ሽማግሌው ራሳቸው፣ ልጆቻቸው ሳይሆኑ፣ ከሕክምናው የሚሹት ምን እንደሆነ ተጠይቀው መልሳቸው በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል ወይ?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ባለሀብት ልጆችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። አባቱን እጅግ የሚወድ ልጅ ብዙ ጊዜ ፍቅሩን የሚገልጸው ገንዘብ በማፍሰስ ነው፤ አባትየው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚሹት በእግራቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ወይም እስከ መስጊድ መሄድ፣ ረፋዱ ላይ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ደንበኛ ሰላም ማለት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአሜሪካ በብዙ ሐኪም ቤቶች የተስፋፋው ለአረጋውያን የተመቸ የሕክምና ሥርዓት፣ ከአራት ምሰሶዎቹ የመጀመሪያው ያደረገው ይህንኑ የአዛውንቱን ፍላጎት ነው፤ የተቀሩት መድኃኒት፣ አእምሮና እንቅስቃሴ ናቸው።

መልሶቹም ባለፈው የአሜሪካኖች ስሕተት እንዳይወድቁ፣ ሐኪም ቤቱ ከሚጽፈው ሌላ ከፋዩ ድርጅት በራሱ ሰው፣ በዓመቱ ውስጥ ከታከሙት ውስጥ ዐሥር ያህል መዝገቦችን፣ ሕመምተኞቹ ወይም ቤተ ሰቦቻቸው ሲፈቅዱ፣ በሌላ ሐኪም ዐይን ማስመርመር ይኖርበታል። ናሙና ማውጣት ለቡናና ለሰሊጥ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት በአደባባይ ባይነበብና ለሐኪም ቤቱ ብቻ ቢሰጥ ይሻላል፤ የእንግሊዝ ሐኪሞች መዝገቡን በፈቃዳቸው የተቀበሉት የራሳቸው ሥራ አድርገው ስላዩት እንጂ ስላስፈራራቸው አልነበረም። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ግዴታውን ላሟላ ሐኪም ቤት በሒሳቡ ላይ መጠነኛ ጭማሪ ቢከፈል፣ ወይም ሒሳቡ በሠላሳ ቀን ፈንታ በዐሥር ቀን ቢከፈለው፣ ጭማሪው ከሚከለክለው ወጪ ያነሰ ነው።

በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ ብዙ የንግድ ቤት ሠራተኞች በ60 ዓመታቸው ጡረታ ይወጣሉ። በብዙ ድርጅት ዘንድ ሠራተኛው ከዱቤ ሕክምናው ስም ዝርዝር የሚሰረዘው በዚያው ቀን ነው፤ ማለትም ሐኪም ይበልጥ በሚያስፈልገው ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ከላይ የተጻፉት ጥያቄዎች በአንድ ገጽ አባሪ ይጠቃለላሉ። የበጀት ዓመታቸውን በሐምሌ 1 ቀን የሚጀምሩ ድርጅቶች ውላቸውን የሚያድሱት በሰኔ ስለሆነ፣ ጡረተኛው በምን ያህል መዋጮ በዝርዝሩ ውስጥ ሊቆይ እንደሚችል ከሐኪም ቤቱ ጋር መነጋገር የሚቀለው አባሪው በሚጻፍበት በዚያው ወቅት ነው።